ፈረንጅ ቤት ያደጉ ልጆቻችን፦ የውጭ ሀገር ጉዲፈቻ ሲብራራ

ሚኒሶታ ውስጥ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ተቀምጠናል። በሩ ተከፈተና ባልና ሚስት ፈረንጆች ገቡ። ሁለት ልጆች ይዘዋል። የልጆቹ ግንባር፣ ዓይን፣ አገጭ ቁርጥ የእኛ ነው። ቤቱ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ሹክሹክታው ጀመረ። «ውይ የኔ እናት!» «የኛ ልጆች ናቸው እኮ።» «ፀጉሯን አያችሁት?» አንዱ ደፈር ብሎ ተነሳና ትንሹን ልጅ «አማርኛ ትችላለህ?» አለው። ልጁ አንገቱን ደፋ። ሰውየው ከንፈሩን መጦ ተመለሰ።

ያን ቀን ከንፈር ከመጠጡት አንዷ እኔ ነበርኩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን የሥራ ባልደረባዬ ከኢትዮጵያ የአራት ዓመት ልጅ አመጣች። «ፀጉሯን እንዴት ላድርገው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቅዳሜ ቤቴ መጡ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ መጡ። ሌሎች እናቶችም ሰሙ። ይኸው ከአሥር ዓመት በላይ የእነዚህን ልጆች ፀጉር ስሠራ፣ ከሚያሳድጓቸው ሰዎች ጋር ቡና ስጠጣ ኖርኩ። ነገሩ «ታድለው» ብለን የምናልፈው አይደለም። «ምስኪን» ብለን የምናልፈውም አይደለም። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

«ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮምኛ የመጣ ነው። ማሳደግ፣ የራስ አድርጎ ማሳደግ ማለት ነው። በሌላውም አካባቢ የጡት ልጅ፣ የማር ልጅ የሚባል ነገር አለ። አሳዳጊው ጣቱን ማር ነክሮ ልጁን ያጠባዋል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ የቤቱ ልጅ ነው። በሁሉም ዘንድ አንድ የሚመሳሰል ነገር አለ። ልጁ ከማን እንደተወለደ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አሳዳጊ ሲመጣ ወላጅ አይሰረዝም። ዘመድ ይበዛል እንጂ አይቀነስም።

ሕጋችንም ይህንኑ ነው የያዘው። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ አንቀጽ 183 ላይ የጉዲፈቻ ልጅ ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይናገራል። በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል መምረጥ ግድ ከሆነ ግን የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል። ይህን አንቀጽ አስታውሱት፤ ብዙው እንባ የመጣው ከዚህ ነው።

በአሜሪካ ሕግ ጉዲፈቻ ሲጸድቅ የወለደው ቤተሰብ በሕግ ፊት ያበቃለታል። ብዙ ጊዜ አዲስ የልደት ማስረጃ ይወጣል። እናትና አባት በሚለው ቦታ የአሳዳጊዎቹ ስም ይገባል። በቃ፣ ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእነሱ እንደተወለደ ይቆጠራል። አስቡት እንግዲህ። ከምባታ ወይም ወላይታ ያለች እናት ወረቀት ላይ ስትፈርም በልቧ ያለው የሀገሯ ጉዲፈቻ ነው። ልጇን አዲስ አበባ ያለ አጎቱ ጋ ለትምህርት እንደምትልክ ነው የምታስበው። ተምሮ፣ አድጎ፣ ቤቱን አውቆ ይመጣል። ወረቀቱን ተቀብሎ የሚሄደው ሰው ደግሞ ለዘላለም ልጄ ሆነ ብሎ ነው የሚሄደው። ሁለቱም አልዋሹም። «ጉዲፈቻ» ሲባል ግን የሰሙት አንድ ነገር አልነበረም። አስተርጓሚው ልዩነቱን ካላስረዳ፣ ወይም ደላላው ሆን ብሎ ከደበቀው፣ ጉዱ ከዓመታት በኋላ ነው የሚወጣው።

«ወላጅ አልባ» የሚለው ቃልም እንደዚሁ ነው። እኛ ስንሰማ እናትም አባትም የሞቱበት ይመስለናል። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን አንድ ወላጅ በሕይወት ቢኖርም፣ ያ ወላጅ ማሳደግ ካቃተውና ልጁን ላይመልስ በጽሑፍ ከሰጠ፣ ልጁ «ወላጅ አልባ» ሊባል ይችላል። የአሳዳጊዎቹ ዘመድ ለጎረቤቱ «ወላጅ የሌለው ልጅ አሳደጉ» ብሎ ያወራል። ልጁ ግን ማታ አልጋው ላይ ሆኖ የእናቱን ድምፅ ያስታውሳል። የባልደረባዬ ልጅ ከመጣች በስድስተኛው ወር፣ እንግሊዝኛ ሲገባት መጀመሪያ ካለችው ነገር አንዱ «እናቴ በግ አላት» የሚል ነው። «አላት» ነው ያለችው እንጂ «ነበራት» አላለችም። ባልደረባዬ ያን ቀን ደውላልኝ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ይህ ሁሉ በትንሽ ቁጥር ቢሆን ኖሮ የጥቂት ቤተሰቦች ጉዳይ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ የሄዱት የጉዲፈቻ ልጆች ከ450 አይበልጡም። በዚያው ዓመት አንጀሊና ጆሊ ከኢትዮጵያ ሕፃን ወሰደች፤ ዓለም ሁሉ አወራ። እ.ኤ.አ. በ2010 የሄዱት ከ2,500 በላይ ሆኑ። ኢትዮጵያ ለአሜሪካ ከቻይና ቀጥላ ሁለተኛ ሆነች። ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና ሌሎችም ይወስዱ ነበር። አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ለአንድ ጉዲፈቻ ከ20,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ ድሃ ገጠር ሲገባ ምን እንደሚፈጠር መገመት አያቅትም። ማሳደጊያ ቤቶች እንደ አሸን ፈሉ። ደላላ መጣ። አንዳንዱ ወረቀት ላይ በሕይወት ያለ አባት ሞቷል ተባለ፤ የልጅ ዕድሜም ተቀነሰ። አብዛኞቹ አሳዳጊዎች ይህን አያውቁም ነበር። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን፣ ይህን ዓይነት ጉዲፈቻ የሚቆጣጠረውን የሄግ ስምምነት አልፈረመችም ነበር።

መንግሥት በ2003 ዓ.ም የሚያየውን የጉዲፈቻ መዝገብ በቀን ወደ አምስት ዝቅ እንደሚያደርግ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ አንዲት የእኛ ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ በደል ሕይወቷ አለፈ። ፍርድ ቤት ሁለቱንም ጥፋተኛ ብሎ አሠራቸው፤ ወሬው ሀገር ቤት ደርሶ የሁሉንም ልብ ሰበረ። ሚያዝያ 2009 ዓ.ም የውጭ ሀገር ጉዲፈቻው ታገደ። ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም ፓርላማው የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ ሀገር ጉዲፈቻን ዘጋው። በፈረንጆቹ 2010 ጫፍ የደረሰው በእኛ 2010 ተዘጋ ማለት ነው።

እገዳው ልክ ነበር ወይ? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እኔ ልክ ነበር እላለሁ። ለድሃ እናት በልጇ ስም ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ቢደርሳት ብዙዎቹ ልጆች ከቤታቸው ባልወጡ ነበር። ዛሬ ሌሎችም እዚያው እየደረሱ ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2024 ዘጋች። ኔዘርላንድስ ደረጃ በደረጃ ልታቆም ወስናለች። የቀረው ሥራ የሀገር ውስጥ ጉዲፈቻና አደራ ቤተሰብ (ልጁን ለጊዜው ተቀብሎ የሚያሳድግ ቤተሰብ) ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ሰፊ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ሕጉ ተዘጋ ማለት ታሪኩ አበቃ ማለት አይደለም። ከሄዱት ልጆች ብዙዎቹ አሁን ሃያዎቹን ይዘዋል። ቤታቸውም ሁለት ቀለም ያለው ቤት ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ምን እንዳለ ልንገራችሁ።

በእኛ ሀገር ስለ መልክ ስናወራ ቀይ፣ ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ጥቁር እንላለን። የባልደረባዬ ልጅ በሰፈሯ «ቀይዋ» ነበረች። ሚኒሶታ ስትገባ ጥቁር ሆነች። በአንድ የአውሮፕላን ጉዞ ማለት ነው። እኛ ትልልቆቹ ስደተኞች እንኳ ይህን ለመልመድ ዓመታት ፈጅቶብናል። እኛ ግን ቤታችን ስንገባ እኛን የሚመስል ሰው አለ። ይህች ልጅ ቤቷ ስትገባም፣ ትምህርት ቤት ስትሄድም፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም እሷን የሚመስል የለም። ደህና የሚባሉት አሳዳጊዎች መጀመሪያ ላይ «እኛ ቀለም አናይም፣ ፍቅር ይበቃል» ይላሉ። በቅንነት ነው የሚሉት። ልጅቷ ግን ቀለሟን በየቀኑ ታየዋለች። የክፍል ጓደኛዋ ፀጉሯን ነክቶ «ስፖንጅ ይመስላል» ሲላት ቀለም አይታይም ከሚል ሰው ጋር ምን ብላ ታወራለች?

ይህ ክርክር አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የጥቁር ማኅበራዊ ሠራተኞች ብሔራዊ ማኅበር ጥቁር ልጆች በነጭ ቤተሰብ መሰጠታቸውን በግልጽ ተቃወመ። በ1994 ደግሞ በሀገር ውስጥ ጉዲፈቻ ልጅን በዘር ምክንያት ማዘግየትን የሚገድብ ሕግ ወጣ። ሁለቱም ወገን የልጁን ጥቅም ነው የሚያነሳው። እኔ በሁለቱም ውስጥ እውነት አያለሁ። ልጁ ቤት ያስፈልገዋል። ቤቱ ደግሞ ልጁ ውጭ የሚጠብቀውን ማወቅ አለበት።

ወደ ፀጉሩ ልመለስ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ይታያል።

ያን የመጀመሪያ ቅዳሜ ልጅቷ ስትመጣ ፀጉሯ ከኋላ ተጣብቆ ምንጣፍ መስሏል። እናትየው በየቀኑ በሻምፑ ታጥበው ነበር፤ የራሷን እንደዚያ ነው የምታደርገው። ደርቆ ተሰባብሯል። ልጅቷን ጉልበቴ መካከል አስቀመጥኳት። ፀጉሩን በአራት ከፈልኩት። ውኃ ረጨሁ፣ ኮንዲሽነር ቀባሁ። ከዚያ በሚዶ ከጫፉ ጀመርኩ። እናትየው «ከሥሩ አይደለም እንዴ የሚበጠረው?» አለች። «አይደለም፤ ከሥሩ ከጀመርሽ ቋጠሮውን ሁሉ ወደ ታች ትገፊዋለሽ፤ ልጅቷ ታለቅሳለች» አልኳት። ደብተር አውጥታ ጻፈች። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሹሩባው ሲያልቅ ልጅቷ መስታወት ፊት ቆመች። እጇን ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ መስመር ለመስመር አሻሸችው። ከዚያ ለእናቷ ሳይሆን ለእኔ «እንደዚህ ነበርኩ» አለችኝ።

እናትየው ማልቀስ ጀመረች። ቅናት አልነበረም። ልጅቷ ከእሷ በፊት አንድ ሰው እንደነበረች ያን ቀን በዓይኗ አየች። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንዴ ማጠብ፣ ማታ በሳቲን መሸፈን፣ ቅባት መቀባት ተማረች። በሁለተኛው ዓመት ራሷ ትሠራት ጀመር። የመጀመሪያው ሹሩባዋ ጠማማ ነበር። ልጅቷ ግን ትምህርት ቤት አድርጋው ሄደች።

ወንዶቹ ጋ ሌላ ነገር አለ። የአምስት ዓመት ጥቁር ልጅ ሁሉም ያቅፈዋል። አሥራ አምስት ሲሞላው፣ ቁመቱ ሲረዝም፣ ያው ሰፈር መንገድ ይቀይርበታል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2020 ጆርጅ ፍሎይድ ሚኒያፖሊስ ውስጥ በፖሊስ ሲገደል፣ ከማውቃቸው አባቶች አንዱ ደወለልኝ። ልጁ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ነው። «ፖሊስ ሲያስቆመው ምን እንደሚያደርግ አላስተማርኩትም። እኔን ማንም አስተምሮኝ አያውቅም፤ አላስፈለገኝም» አለኝ። እኔም ለራሴ ልጅ የምነግረውን ነገርኩት። እጅህን መሪው ላይ አድርግ። ወረቀት ለማውጣት ከመንቀሳቀስህ በፊት ተናገር። ግን የጥቁር አሜሪካውያን አባቶችን ጠይቅ አልኩት፤ እነሱ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ጎረቤቱን ጠየቀ። ሰውየው ልጁን ይዞት ወጣና መኪና ውስጥ አለማመደው። ባለ ሁለት ቀለም ቤት የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው። በዓመት አንዴ እንጀራ መብላትና የባህል ካምፕ መሄድ ጥሩ ነው፤ ግን ሰው ያስፈልጋል። የሚደወልለት፣ በር አንኳኩቶ የሚገባ ሰው።

ስምና የልደት ቀን ደግሞ አሉ። የእኛ ስም አድራሻም ነው። የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ከዚያ ቀበሌ፤ በዚህ ሰው ይገኛል። ወረቀቱ ላይ የአባቱ ስም በፈረንጅ ስም ሲተካ ልጁ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ክር ተቆረጠ ማለት ነው። ስለዚህ አሳዳጊዎችን ሁሌ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ የአማርኛውን ወረቀት አትጣሉ። የማታነቡት ቢሆንም አስቀምጡት። ፍርድ ቤት የሰጠውን፣ ወረዳው የጻፈውን፣ ሁሉንም። አንድ ቀን ያ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከወርቅ ይበልጣል። የልደት ቀኑም ብዙ ጊዜ ግምት ነው። ዘመኑ ከእኛ ወደ ፈረንጅ ሲገለበጥ ሰባትና ስምንት ዓመት ይለያያል፤ በዚያ መካከል የተሳሳተ ስንት አለ። ልጁ «እውነት ዕድሜዬ ስንት ነው?» ሲል «አናውቅም፤ ግን አብረን እንፈልጋለን» ማለት ከውሸት ይሻላል።

ታሪኩንም እንደዚያው። ታዋቂውን ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰንን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ካሳሁን ተብሎ ነው የተወለደው። እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞታ፣ ከእህቱ ጋር ጎተንበርግ፣ ስዊድን ውስጥ አደገ። ወጥ ቤት የለመደው ከስዊድናዊት አያቱ ነው። ካደገ በኋላ ግን አባቱ በሕይወት እንዳለ፣ ወንድሞችና እህቶችም እንዳሉት አወቀ። ጥሩ ቤት ውስጥ ማደጉ የአባቱን ጥያቄ አላጠፋለትም። ዛሬ ሃያ የሞላቸው ልጆችም ያንኑ እያደረጉ ነው። የዲኤንኤ ምርመራ ያስደርጋሉ። ፌስቡክ ላይ ይፈልጋሉ። ሀገር ቤት ፎቶ ይዞ መንደር ለመንደር የሚጠይቅ ሰው ይቀጥራሉ። መፈለጋቸው ያሳደጓቸውን አለመውደድ አይደለም። ይህን የማይረዳ አሳዳጊ ልጁን ለብቻው እንዲፈልግ ያደርገዋል።

የወረቀት ነገር ባጭሩ ልበል፤ ከእነዚህ ልጆች ጋር የምትውሉ ንገሯቸው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 27 ቀን 2001 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ፣ ጉዲፈቻው ሀገር ቤት ሙሉ በሙሉ ያለቀለት ልጅ በአይአር-3 ቪዛ ሲገባ ዜጋ ይሆናል። አሳዳጊዎቹ ልጁን በአካል ሳያዩ ጉዲፈቻው ያለቀ ከሆነ ግን ቪዛው አይአር-4 ነው። እዚህ ግዛት ውስጥ ድጋሚ ማስጨረስ ነበረባቸው፤ ልጁ 18 ሳይሞላው። ያላስጨረሱ አሉ። የዜግነት ሰርተፊኬቱ በእጃቸው መኖሩን ይመልከቱ። ከዚህ ሕግ በፊት ያደጉ የኮሪያ ጉዲፈቻ ልጆች አሜሪካ አድገው፣ ዜግነት ሳይኖራቸው ቀርተው የተባረሩ አሉ። በእኛ በኩል ደግሞ ቢጫ ካርዱ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው አለ። ወላጁ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው ሊጠይቀው ይችላል። እነሱም ትውልደ ኢትዮጵያውያን ናቸው።

አሁን ወደ እኛ። ምግብ ቤት ስታዩአቸው «አማርኛ ትችላለህ?» አትበሉ። ሕፃን ቋንቋ በወራት ይረሳል፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ደግሞም ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ከደቡብ ነው የመጡት፤ የእናታቸው ቋንቋ አማርኛ ላይሆን ይችላል። «እውነተኛ እናትህ የት ናት?» አትበሉ። ከንፈር አትምጠጡ፤ ልጆቹ ያዩታል፣ ምን ማለት እንደሆነም ቶሎ ይገባቸዋል። «ደህና ናችሁ?» ብሎ ፈገግ ማለት ይበቃል። ቡና ከተፈላ ጥሯቸው። ልጃችሁ የልደት ግብዣ ካለው ጥሯቸው።

ያቺ ልጅ አሁን አድጋለች። እ.ኤ.አ. በ2023፣ አሥራ ስምንት ሲሞላት ወላጅ እናቷ ከምባታ ውስጥ፣ ዱራሜ አካባቢ ተገኘች። አሳዳጊዋ እናት የአማርኛውን ወረቀት አልጣለችውም ነበር። የመጀመሪያ ቀን በቪዲዮ ሲደውሉ አስተርጉሚልን ብለው ጠሩኝ። ተቀምጬ ስሰማ ግን ወላጅ እናትየው የምታወራው ከምባትኛ ነው። አንድም ቃል አልገባኝም። ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የከምባታ ተወላጅ የሆነ ወጣት እስክናገኝ ሁለት ቀን ፈጀ።

እሑድ ተሰበሰብን። ስልኩ ሲከፈት እናትየው ልጇን አየች። ብዙ አላወራችም። ትንሽ ቆይታ አንድ ነገር አለች። ወጣቱ «ሴትዮዋን አሳዩኝ ትላለች» አለን። ባልደረባዬ ወንበሯን ጎትታ መጣች። ልጅቷን ስትወስድ ከእናትየው ጋር የተነሳችው አንድ ፎቶ አለ፤ እናትየው አሥራ አራት ዓመት ያንን ነው የምታየው። አሁን ስክሪኑ ላይ ፊቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች። ወጣቱ ዝም አለ። «ምን አለች?» አልነው።

«አርጅታለች። እኔም አርጅቻለሁ፤ ንገሯት» ነው ያለችው።